የተዋስሁት ዘፈን

ባለፈው ወር አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ የዕረፍት ሰዓት ጠብቆ በመምህራን ክፍል በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። የፊዚክስ ጥያቄ ያለው መስሎኝ ጠመኔዬን እንደ ያዝሁ ወጣሁ። እርሱ ግን ግራና ቀኙን ከተመለከተ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቲቸር፣ የድሮ ዘፈን ያውቃሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ለአንዲት ልጅ በቴሌግራም የምልክላት አንድ ጥሩ ዘፈን ቢመርጡልኝ» አለኝ።

«ዘፈኑ ምን እንዲልልህ ነው የምትፈልገው?» ብዬ ጠየቅሁት።

አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ቆየና፣ «እኔ ልላት ያልቻልሁትን» አለ።

ይህን መልስ በሰማሁ ጊዜ ሳቄ መጣ፤ ወዲያውም ሳቄ ጠፋ። ከስድስት ዓመት በፊት የነበርሁትን እኔን ቆሞ ያየሁት መሰለኝ። ደወሉ ስለ ተደወለ «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ አሰናበትሁት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ በአንድ ልጅ ጆሮ ብቻ ተነግሮ የሚቀር ሆኖ አላገኘሁትም። በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ያለ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን የሚፈተንበት ጉዳይ ስለ ሆነ፣ የደረሰብኝን እንዳለ ለመጻፍ ቆረጥሁ። የሚስቅብኝ ይሳቅብኝ፤ የሚማርበትም ይማርበት።

በ2010 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ አዲስ አበባ ከሚገኙት የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች ወደ አንዱ ስገባ ሁለት ሻንጣ ይዤ ነበር። በአንደኛው ልብሴና እናቴ የቋጠረችልኝ በሶና ቆሎ ነበረበት። በሁለተኛው ውስጥ የነበረው ደግሞ አባቴ በወጣትነቱ የገዛው የካሴት ቴፕ ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ሻንጣውን ስከፍት ከበው ያዩኝ ነበር። ሁሉም በኪሱ ስልክ አለው፤ በስልኩም ውስጥ በመቶ የሚቈጠር ዘፈን አለው። አንዱ፣ «ይህን ከየትኛው ሙዚየም አመጣኸው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

አንድ ሳምንት ሳይሞላ መብራት ጠፋ። የስልኩም ሁሉ ባትሪ በየተራው አለቀ። የእኔ ቴፕ ግን ስድስት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ጎርሶ እስከ እኩለ ሌሊት ሲዘፍን አመሸ። ከዚያ ማታ ጀምሮ የሙዚየሙ ዕቃ የክፍላችን ባለ ሥልጣን ሆነ፤ ለድንጋይ መግዣም መዋጮ ተደነገገ።

በዚያ ክፍል ውስጥ በተደራራቢ አልጋ የምንተኛ ስድስት ሰዎች ነበርን። ከጎጃም የመጣው ጥላሁን ገሠሠን ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም። ከሐረር የመጣው የዓሊ ቢራ ወዳጅ ነው። አንዱ ከመዝሙር በቀር ሌላ አይሰማም። አንዱ የአሜሪካኖችን ራፕ ይወዳል፤ ቃሉን ግን ከእኛ አብልጦ ያውቀው እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ። አምስተኛው ጸጥታ ብቻ የሚወድ የሒሳብ ተማሪ ነበር። ስለዚህ በበሩ ጀርባ አንድ ሠንጠረዥ ለጠፍን፤ ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ሰዓት፣ ለጸጥታም ግማሽ ሰዓት ተመደበ። ሠንጠረዡ አንድም ቀን አልተጣሰም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ነገር ግን በእርሱ ምክንያት የተኳረፈ ሰው አልነበረም።

ኑሯችን የተማሪ ኑሮ ነበር። ጠዋት ዳቦና ሻይ፣ ቀን ሽሮ፣ ማታ ምስር እንበላለን፤ ቀጥሎም ቤተ መጻሕፍት ቦታ ለመያዝ ሩጫ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገንዘብ ያለው ቀን ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግራችን እንሄድና አንድ ማኪያቶ አዝዘን ሁለት ሰዓት እንቀመጣለን። ገንዘብ የሌለው ቀን ደግሞ ያንኑ መንገድ ሄደን ማኪያቶውን ሳንጠጣ እንመለሳለን። ደስታው ግን ያው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ቴፑ በመብራት ሲሠራ «እምምም» እያለ ማጓራት ጀመረ። ዘፈኑን ሊሸፍነው ምንም አልቀረውም። እስፒከሩ ተቀዷል ብዬ ስላሰብሁ ሌላ ለመግዛት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄድሁ። በዚያ ከተከመረ አሮጌ ዕቃ መካከል የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። «ጋሼ፣ እስፒከር እፈልጋለሁ፤ የእኔ ያጓራል» አልኋቸው። እርሳቸውም ቴፑን ሳይከፍቱ ባትሪ ድንጋይ ከተቱበትና አዘፈኑት። ጸጥ ያለ ንጹሕ ድምፅ ወጣ። «እንግዲያስ እስፒከሩ ምን በደለህ?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአገራችን የመብራት ኃይል በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሚፈስ ነው። ቴፑ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኃይል ይሻል። ስለዚህ ዳዮድ የሚባሉት ትናንሽ ዕቃዎች አቅጣጫውን ያቃኑለታል፤ ካፓሲተር የሚባለው ደግሞ እንደ ውሃ ጋን ኃይሉን እያጠራቀመ በእኩል ይለቅለታል። ካፓሲተሩ በእርጅና ሲደርቅ የመብራቱ ሞገድ ሳይረጋ እስከ እስፒከሩ ይደርስና በሴኮንድ 100 ጊዜ ያንቀጠቅጠዋል። ጕርምርምታው ያ ነው። ባትሪ ድንጋይ ግን ሞገድ የለውምና አያጓራም።

ሽማግሌው አሮጌውን ካፓሲተር ነቅለው ሌላ እየበየዱ፣ «ሰው ሁልጊዜ የሚጮኸውን ይከሳል፤ ጥፋቱ ግን ዝም ካለው ዘንድ ነው» አሉኝ። እኔ በዚያን ጊዜ ስለ ካፓሲተር ብቻ የተናገሩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰውን ሁሉ ዕቃ እየፈታሁ መጠገን ሥራዬ ሆነ። የጆሮ ማዳመጫ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የጠረጴዛ መብራት ሁሉ ወደ እኛ ክፍል ይመጣ ጀመር። ስሜም «ቴፑ» ሆኖ ቀረ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የመጨረሻው ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ አንዲት ልጅ ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ አስቆመችኝና «ቴፑ የሚሉህ አንተ ነህ?» አለችኝ።

የታሪክ ተማሪ ነበረች፤ አገሯም ደሴ ነው። ስሟን እዚህ ላይ አላነሣም። ከቦርሳዋ በመሐረብ የተጠቀለለ ካሴት አወጣች። ክሩ ተበጥሷል፤ ከተበጠሰበትም ላይ ተጨማድዷል።

«የምን ዘፈን ነው?» አልኋት።

«ዘፈን አይደለም። አባቴ ነው» አለችኝ።

አባቷ በጅዳ ከተማ በሹፌርነት ይሠሩ ነበር። እናቷ ፊደል ስላልቈጠሩ፣ በ1994 ዓ.ም. ደብዳቤ በመጻፍ ፈንታ ድምፃቸውን በካሴት ቀርጸው ወደ አገር በሚመለስ ሰው እጅ ላኩላቸው። በዚያን ዘመን ብዙ ሰው እንዲህ ያደርግ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ አባትዬው እዚያው በመኪና አደጋ ዐረፉ። እርሷ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለች ካሴቱን በእናቷ ቴፕ ደጋግማ ስትሰማ ክሩን ቴፑ በላው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልሰማውም። ሌላም ቅጂ አልነበረም።

እጄ ላይ ሲያርፍ ከበደኝ። ብዙ ዕቃ አበላሽቼ ተምሬአለሁ፤ ይህ ግን አበላሽተው የሚማሩበት ዕቃ አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ በሌሎች በማይረቡ ካሴቶች ላይ መቍረጥና መቀጠል ስለማመድ ሰነበትሁ። የካሴት ክር ስፋቱ አራት ሚሊ ሜትር አይሞላም። አምስቱን ብሎን ፈትቶ፣ ሁለቱን ጫፍ በምላጭ ሰያፍ ቈርጦ፣ ካጋጠሙት በኋላ በጀርባው በኩል በስስ ፕላስተር ማጣበቅ ነው። ይሁን እንጂ የተጨማደደው ክፍል መቈረጥ ነበረበት፤ አለዚያ እንደ ገና ይበላል። ለክቼ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ አገኘሁት።

ሄጄ ነገርኋት። የካሴት ክር በአንድ ሴኮንድ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ማለት የአንድ ሴኮንድ አንድ አምስተኛ መሆኑን አስረዳኋት።

«በአንድ አምስተኛ ሴኮንድ ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምንም አይባልም። አንድ ቃል እንኳ አይሞላም።»

ጥቂት አሰበችና፣ «‹እሺ› ይባላል» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ቍረጠው» አለች።

በአንድ ቅዳሜ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ጕርምርምታ እንዳይገባበት በመብራት ሳይሆን በባትሪ ድንጋይ እንዲሠራ አደረግሁ፤ ድንጋዩም ደክሞ ፍጥነቱ እንዳይቀንስ ስድስቱንም አዲስ ገዛሁ። ክሩ አርጅቷልና ደግሞ ላይጫወት ይችላል ብዬ፣ ከቴፑ ወደ ጓደኛዬ ላፕቶፕ በሽቦ አገናኝቼ እየተሰማ እንዲቀዳ አዘጋጀሁ። ከዚያም ቁልፉን ተጫንሁ።

መጀመሪያ ሽሽታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የአንድ ሰው ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። ከዚያም የወሎ ሰው ሰላምታ ጀመረ፤ የእያንዳንዱን ጎረቤት ስም እየጠራ፣ የላሟን ደኅንነት ሳይቀር ይጠይቃል። የጅዳ ሙቀት ምን እንደሚመስል፣ ሽንኩርት ስንት እንደሚሸጥ፣ የቤቱን ክዳን ከክረምት በፊት ማስጠገን እንደሚገባ ይናገራል። በመካከሉ ያስላል። ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ወደ መጨረሻው ረጅም ዝምታ ሆነና፣ «እንግዲህ ናፍቃችሁኛል። ልጄን ሳሚልኝ። ሌላ ምን እላለሁ» አለ። ቴፑን መዝጋት ስላላወቁበት ወይም ስለ ረሱት ሲነሡና ሲራመዱ፣ በርም ሲከፈት ተሰማ። ከዚያ በኋላ ሽሽታ ብቻ።

ከቀጠልሁበት ቦታ ላይ የጎደለው አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር። እርሷ አላለቀሰችም። ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ «ሳሉ የወንድሜ ሳል ነው» አለች።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን ልጅ መውደዴን ብነግርህ አይደንቅህም። የሚደንቀው ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። ስለ ፍቅሬ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ዘፈን እየመረጥሁ እሰጣት ጀመር።

ባለ ስድሳ ደቂቃ ካሴት እገዛለሁ፤ በአንዱ ገጽ 30፣ በሌላው ገጽ 30 ደቂቃ። ዘፈኖቹን በቅደም ተከተል ለመደርደር ሌሊቱን እቀመጣለሁ። የመጀመሪያው ዘፈን «አይቼሻለሁ» ይላል፤ ሦስተኛው «እንቅልፍ አጣሁ» ይላል፤ የመጨረሻው «ምን ይሻለኛል» ይላል። እንደዚህ ብዬ እኔ አልተናገርሁም፤ የተናገሩት ዘፋኞቹ ናቸው። አንድ ትንሽ ማጫወቻ ጠግኜ ስለ ሰጠኋት ሁሉንም ትሰማ ነበር። ስትመልስልኝም ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፤ «ይህን ዘፈን ለምን መረጥኸው?»

እስቲ ፍረዱኝ፤ ከዚህ የበለጠ የተከፈተ በር አለን? እኔ ግን በበሩ በመግባት ፈንታ ስለ በሩ አሠራር አስረዳት ነበር። አንድ ቀን ስለ ዐምሃ እሸቴ ነገርኋት። ሸክላ የማሳተም ሥልጣን ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. በድፍረት የራሱን ማሳተሚያ አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን እንዳወጣ፤ ሸክላዎቹም በውጭ አገር ታትመው ይመጡ እንደ ነበር አወራሁላት። ሌላ ቀን ስለ ሙላቱ አስታጥቄ ነገርኋት። መሐንዲስ እንዲሆን ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ ሳለ ልቡ ወደ ሙዚቃ ማዘንበሉን፣ በኋላም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ መማሩን፣ የአገራችንን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከጃዝ ጋር ማዋሐዱን፣ ዛሬ በቫይብራፎን ድምፁ ዓለም እንደሚያውቀው አስረዳኋት። ስለ አራቱ ቅኝቶች፣ ስለ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ስነግራት ሳቀችና፣ «ባቲና አምባሰልን ለእኔ ለወሎዬዋ ታስተምረኛለህ?» አለችኝ። ሌላም ቀን፣ የፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን በ1963 እ.ኤ.አ. በበርሊን ለሕዝብ ማሳየቱን፣ ወደ እኛም አገር ገብቶ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሸክላን ከገበያ ማስወጣቱን ተረክሁላት።

የነገርኋት ሁሉ እውነት ነው። በሚገባም ታዳምጠኝ ነበር። ስጨርስ ግን አንድ ሌላ ነገር እንደምትጠብቅ ሰው ጥቂት ዝም ትላለች። ያ ዝምታ ለእኔ የተተወ ቦታ መሆኑን አውቅ ነበር። «የሚቀጥለው ካሴት ይነግራታል» እያልሁ ግን አልፈው ነበር።

ለምን? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ዓይን አፋር ነበርሁ ብል ግማሽ እውነት ነው። ሙሉው እውነት ግን ኩራት ነው። የእኔ ቃል ከጥላሁን ገሠሠ ዘፈን ጋር ሲተያይ አስቀያሚ ሆኖ ይታየኝ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ አገር ያለቀሰለትን ድምፅ ተውሼ መናገር ሲቻል፣ በራሴ በተቈራረጠ ድምፅ መናገር ለምን ያስፈልጋል? ደግሞም ዘፈን ጥሩ መሸሸጊያ ነው። ብትቀበለው የእኔ ነው፤ ባትቀበለው የዘፋኙ ነው። «በሰው ወርቅ አይደምቁም» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ለዘፈንም እንደሚሠራ ግን አላሰብሁም ነበር።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ ተነገረና ትምህርት ተዘጋ። ሁሉም ተማሪ ወደ የቤቱ እንዲሄድ ታዘዘ። በሁለት ቀን ውስጥ ግቢው ባዶ ሆነ። ሠንጠረዣችን በበሩ ጀርባ እንደ ተለጠፈ ቀረ። እኔም እርሷን ለመሸኘት በማለዳ ወደ መናኸሪያ ሄድሁ፤ በኪሴም ሌሊቱን ስቀዳው ያደርሁት ካሴት ነበር። ከሁሉ የበለጠውን የመረጥሁበት ይህ ነው።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን በነጠላና በጨርቅ ሸፍኖ ይጋፋል። ካሴቱን ሰጠኋት። ተቀብላ ገለበጥ አድርጋ አየችውና፣ «በዚህ ውስጥ የአንተ ድምፅ አለበት?» አለችኝ።

«የለበትም፤ ዘፈን ነው። በጣም ጥሩ ዘፈን ነው» አልኋት።

«አውቃለሁ» አለች። ከዚያም ፈገግ ብላ፣ ነገር ግን ሳትስቅ፣ «አባቴ ዘፈን መምረጥ አያውቅም ነበር» ብላኝ ገባች።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ የተናገረችው ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ፤ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ ሮጬ መስኮቱን በመታሁት ነበር።

ደብረ ብርሃን በቤታችን ብዙ ወራት ተቀመጥሁ። አንዳንድ ቀን ስልክ እደውላለሁ፤ መስመሩ ይቈራረጣል፤ ስለ ጤናና ስለ በሽታው ወሬ እንነጋገርና እንለያያለን። አንድ ማታ ግን የነገረችኝን አልረሳውም። ከላፕቶፑ ወደ ስልኳ የገለበጥሁላትን የአባቷን ድምፅ ለእናቷ አሰማቻቸው። እናትዬው ቡና እያፈሉ ነበር። ድምፁ «እንደምን ከረማችሁ» ሲል እናትዬው ጀበናውን እንደ ያዙ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ?» ብለው መለሱ። ስለ ክዳኑ ሲናገር «ተጠገነ እኮ፤ በዚያው ዓመት ተጠገነ» አሉት። እስከ መጨረሻው ድረስ እያንዳንዱን ጥያቄ መለሱለት።

ያን ማታ አልተኛሁም። ያ ሰው የተናገረው የሽንኩርት ዋጋና የቤት ክዳን ነው። ዜማ የለው፣ ግጥም የለው፤ በመካከሉ ሳል አለበት። ይሁን እንጂ ከ18 ዓመት በኋላ መልስ የሚሰጠው ሰው አገኘ። እኔ የላክኋቸው ዘፈኖች ሁሉ ከእርሱ ንግግር ይልቅ ያማሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ለማንኛዋም ልጅ ሊላኩ የሚችሉ ነበሩ። ማን ምን ብሎ ይመልስላቸዋል?

በማግሥቱ በሩን ዘግቼ ባዶ ካሴት ከተትሁና የማጫወቻውንና ቀዩን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫንሁ። ተናገርሁ። መልሼ ስሰማው ደነገጥሁ፤ የማላውቀው ቀጭን ድምፅ ነው። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ዛሬም ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ። ሰው ሲናገር የራሱን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሉ አጥንት በኩልም ስለሚሰማው ወፍራም ይመስለዋል። ሌላው ሰው የሚሰማው ግን ያን ቀጭኑን ነው። ማወቄ ከማፈር አላዳነኝም። አጠፋሁት። እንደ ገና ቀረጽሁ፤ እንደ ገና አጠፋሁ። በሰባተኛው ጊዜ አራት ደቂቃ የሚሆን ንግግር ሆነ። ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ተናገርሁ፤ አባቴ ስለ ተከለው ባሕር ዛፍ ተናገርሁ፤ በመጨረሻም እንደምወዳት ተናገርሁ። በማንም ዘፈን ውስጥ የሌለ ንግግር ነበር። እንዳይደመሰስም ከካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ጥርስ ሰበርኋት።

ከዚያ ልላክላት? አልላክሁትም። «ትምህርት ሲከፈት በእጄ እሰጣታለሁ፤ በስልክ ወይም በሰው እጅ እንዲህ ያለ ነገር አይላክም» አልሁ። እነሆ፣ መሸሸጊያ የሚፈልግ ሰው ምክንያት አያጣም።

በ2013 ዓ.ም. ተመልሰን ስንገናኝ ከዚያው ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ካሴቱ በኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ገና ሳላወጣው፣ «አንድ ነገር ልንገርህ» አለችኝ። በደሴ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ እንዳለ፣ ሽማግሌ ልኮ ቤተሰቧም እርሷም እሺ ማለታቸውን ነገረችኝ።

ምን ብዬ እንደ ጠየቅኋት አሁን አፍራለሁ። «ሙዚቃ ይወዳል?» አልኋት።

«ስለ ሙዚቃ ምንም አያውቅም» አለች። «ትምህርት በተዘጋ ጊዜ ግን በየማታው እየደወለ ‹ዛሬ ምን በላሽ?› ይለኝ ነበር።» ጥቂት ዝም አለችና ደግሞ፣ «አንድ ዓመት ጠብቄህ ነበር» አለችኝ።

እጄ በኪሴ ውስጥ ካሴቱን ይዞ ቀረ። ለታጨች ልጅ እንዲህ ያለ ነገር መስጠት ተገቢ አይደለም ብዬ ተውሁት፤ በዚህ በኩል አልተሳሳትሁም ብዬ አምናለሁ። መልካም ጋብቻ ተመኘሁላት። ስለ አባቷ ድምፅ ደግማ አመሰገነችኝና ተለያየን። አልተቀየምኋትም፤ በምን እቀየማታለሁ? የምናለሽ ተራው ሽማግሌ ነግረውኝ ነበር፤ ጥፋቱ ዝም ካለው ዘንድ ነው።

ቴፑ ዛሬም ቤቴ አለ። ካሴቱም ጥርሱ እንደ ተሰበረ ከመጽሐፎቼ መካከል ተቀምጧል። ዘፈን መስማት አልተውሁም፤ ይልቁንም ከቀድሞው አብልጬ እወዳለሁ። ዘፈን ምን በደለኝ? ለተናገረ ሰው አጃቢ ይሆነዋል፤ ላልተናገረ ሰው ግን አፍ ሊሆንለት አይችልም።

በማግሥቱ ተማሪዬ በበሩ ላይ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ይህን ሁሉ አልነገርሁትም፤ የነገርሁት ዋናውን ብቻ ነው። «ዘፈኑን እመርጥልሃለሁ። ነገር ግን መጀመሪያ ከራስህ አፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ንገራት። ባያምርም ግድ የለም፤ ብትንተባተብም ግድ የለም። ዘፈኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል» አልሁት።

ልጁ አሰበና፣ «ቲቸር፣ እምቢ ብትለኝስ?» አለ።

ይህ ጥያቄ በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ፣ ከዚያም በኋላ፣ ያስፈራኝ የነበረው ጥያቄ ነው። አሁን ግን መልሱን አውቀዋለሁ።

«እምቢ ብትልህ ለአንተ የተሰጠ መልስ ነው» አልሁት። «እኔን እምቢ ያለችኝ ሴት የለችም። ጠይቄ አላውቅማ።»

ደወሉ ተደወለ። ሁለታችንም ወደ ክፍል ገባን።